ፋይሉ አለ፣ ፈቃዱ አለ፣ ሰርቨሩ ግን እምቢ አለ

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሰርቨር ለሚጠብቁ ባለሙያዎች የተዘጋጀ የኤስኢሊኑክስ ሌብል አያያዝ መመሪያ

ሰርቨሩ ላይ አዲስ ዲስክ ተገጠመ፤ ፋይሎቹ ወደዚያ ተዛወሩ፤ ባለቤትነትና የማንበብ ፈቃድ ተሰጠ። ድረ ገጹ ሲከፈት ግን 403 የሚል ስህተት ይወጣል። ፈቃዱን 755 ታደርጋላችሁ፣ አይሆንም፤ 777 ታደርጋላችሁ፣ አሁንም አይሆንም። በዚህ መሀል አንድ ወዳጅ በቴሌግራም «ሴትኢንፎርስ 0 በልና ሞክር» ብሎ ይልካል። ይሞከራል፤ ይሠራል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ጥቂት ቀን ቆይቶ መብራት ይጠፋል። ሰርቨሩ እንደገና ሲነሣ ያው 403 ይመለሳል፤ ያ ትዕዛዝ የሚያገለግለው ማሽኑ እስኪዘጋ ብቻ ነውና። በዚህኛው ዙር አንዱ የተሰላቸ ሰው የኮንፊግ ፋይሉን ከፍቶ ኤስኢሊኑክስ የሚባለውን የሊኑክስ ጥበቃ ከነአካቴው ያጠፋዋል። ፈቃዱም 777 እንደሆነ ይቀራል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የተማሪ ውጤት ወይም የታካሚ ካርድ የያዘ ሰርቨር እንዲህ ትቶ መሄድ የሙያ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ተጠያቂነትም ሊያመጣ ይችላል። በኛ አካባቢ ደግሞ ሰርቨሩን የሚጠብቀው ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። አምቦ ዩኒቨርሲቲ በ1939 ዓ.ም. በግብርና ትምህርት ቤትነት የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ግቢዎቹ ጉደርና ወሊሶ ደርሰዋል። በነቀምቴው መንገድ ጌዶና ባኮ፣ በአዲስ አበባው በኩል ጊንጪ፣ እያንዳንዳቸው ትምህርት ቤት፣ ጤና ተቋምና የወረዳ ጽሕፈት ቤት አላቸው። ባኮ ላይ አንድ ማሽን ቢቆም ከአምቦ ሄዶ አስተካክሎ መመለስ ቀኑን ሙሉ ይበላል። ስለዚህ ችግሩን በስልክ መርምሮ፣ አንዴ አስተካክሎ፣ ዳግመኛ እንዳይመለስ ማድረግ ያዋጣል።

አንድ ማሳሰቢያ። ትዕዛዞቹን የጻፍኳቸው በስልክ እንደምንጠራቸው በፊደላችን ነው፤ ተርሚናሉ ላይ በተለመደው የላቲን አጻጻፋቸው ታስገቧቸዋላችሁ። የታችኛው ሰረዝ፣ ነጥቡና ቅንፉ ግን እዚህ እንደምታዩት ናቸው።

ሌብሉ ምን ይሠራል

ኤስኢሊኑክስን የሠራው የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ነው። ኮዱን በ2000 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ለቀቀው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ። የሬድ ሃት ቤተሰቦች የሆኑት ሴንትኦኤስ፣ ሮኪ፣ አልማና ፌዶራ ሲጫኑ በርቶ ይመጣል። የስለላ ድርጅት የሠራውን እንዴት አምናለሁ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ኮዱ ግን ከሃያ ዓመት በላይ በአደባባይ ሲመረመር ኖሯል። ከአንድሮይድ 5 ጀምሮ ደግሞ በኪሳችሁ ያለው ስልክም የሚጠበቀው በዚሁ ነው። ማሽናችሁ ኡቡንቱ ከሆነ ይህ መመሪያ አይመለከታችሁም። ኡቡንቱ የሚጠቀመው አፕአርመርን ነው፤ እሱ በፋይሉ መንገድ ይፈርዳል እንጂ ፋይል ላይ ሌብል አይለጥፍም።

የተለመደው ፈቃድና ሌብሉ የሚለያዩበትን ነጥብ ለማየት የፈተና ቀንን አስቡ። የመፈተኛ ክፍል 4 ፈታኝ የቢሮው ቁልፍ በእጁ ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም በፖስታው ላይ «ክፍል 7» የሚል ከተጻፈ ሊከፍተው አይችልም። ቁልፉ 755 ወይም 777 የምንለው ፈቃድ ነው። በፖስታው ላይ የተጻፈው ሌብሉ ነው። የቁልፉን ቁጥር ብታበዙት ፖስታው ላይ ያለው ጽሑፍ አይለወጥም፤ 777 ያልሠራው ለዚህ ነው።

ሌብሉ የሚቀመጠው በፋይሉ ይዘት ውስጥ ሳይሆን ፋይል ሲስተሙ ከፋይሉ ጋር በሚይዘው ተጨማሪ መረጃ ላይ ነው። አራት ክፍል አለው፤ ተጠቃሚ፣ ሚና፣ ታይፕ፣ ደረጃ። በተለመደው «ታርጌትድ» ፖሊሲ ለፋይል ሥራ የሚያሳስባችሁ ሦስተኛው፣ ታይፑ፣ ብቻ ነው። የዌብ ሰርቨሩ ፕሮሰስ «ኤችቲቲፒዲ_ቲ» የሚባል ታይፕ ይዞ ይሠራል፤ እንዲያነብ የተፈቀደለት ፋይል «ኤችቲቲፒዲ_ሲስ_ኮንተንት_ቲ» የሚል ታይፕ ያለው ነው። እንዲጽፍበት ከፈለጋችሁ ደግሞ «ኤችቲቲፒዲ_ሲስ_አርደብሊው_ኮንተንት_ቲ» መሆን አለበት። ፖሊሲው ያልፈቀደው ነገር ሁሉ የተከለከለ ነው።

መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ ንኩ

«ጌትኢንፎርስ» ብላችሁ ጻፉ። መልሱ ከሦስቱ አንዱ ነው። «ኢንፎርሲንግ» ካለ ጥበቃው ይከለክላል። «ፐርሚሲቭ» ካለ አይከለክልም፤ የሚከለክለውን ነገር ግን ይመዘግባል። «ዲሴብልድ» ካለ ጨርሶ የለም፤ እንዲህ ከሆነ ወደ ታች ወርዳችሁ «ጠፍቶ የቆየ ማሽን» የሚለውን አንብቡ፤ ዝም ብላችሁ አታብሩት።

ቀጥሎ «ኤልኤስ -ኤልዲ -ዜድ» ብላችሁ የችግሩን ፎልደር ጥሩ፤ ዜዱ ካፒታል ነው። ከዚያ በትክክል የሚሠራ ሌላ ፎልደር፣ ለምሳሌ «/ቫር/ደብሊውደብሊውደብሊው/ኤችቲኤምኤል»ን በተመሳሳይ ትዕዛዝ እዩና ታይፓቸውን አስተያዩ። በስልክ የምትረዱት ሰው ጌዶ ካለ፣ የሁለቱንም ውጤት ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ። በቃል እንዲያነብላችሁ አታድርጉ፤ «ኮንተንት» እና «አርደብሊው ኮንተንት» በስልክ በቀላሉ ይምታታሉ።

አሁን ክልከላው ራሱ የተመዘገበበትን ቦታ እንይ። ትዕዛዙ «ኤዩሰርች -ኤም ኤቪሲ -ቲኤስ ሪሰንት» ነው፤ ያለፉትን አሥር ደቂቃዎች ክልከላ ያወጣል። ከዚያ በፊት የሆነ ከሆነ «ሪሰንት» በሚለው ቦታ ሰዓቱን ጻፉ።

እዚህ ላይ የኛ ሰዓት ብዙ ሰው ያሳስታል። ደዋዩ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አልሠራ አለን» ካላችሁ ሎጉ ላይ የምትፈልጉት 09:00 ነው። 14:20 የሚል መዝገብ ካያችሁ ከቀኑ 8:20 ማለት ነው። ቀኑም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ማሽኑ ሲጫን የአዲስ አበባ ሰዓት ካልተመረጠለት ደግሞ ሌላ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ በቅድሚያ «ታይምዴትሲቲኤል» ብላችሁ አረጋግጡ። ሰዓቱን ስተው የተሳሳተ ክልከላ ላይ ግማሽ ቀን የሚያጠፉ አሉ።

መዝገቡ ረጅምና አስፈሪ ይመስላል፤ ከውስጡ የሚያስፈልጋችሁ ግን አራት ነገር ነው። ምን ሊያደርግ ሲል ተከለከለ፤ ማንበብ፣ መጻፍ ወይስ መፍጠር? የከለከለው ማንን ነው፤ ይህ «ኤስኮንቴክስት» በሚለው ይገኛል። ምን እንዳይነካ ከለከለው፤ ይህ «ቲኮንቴክስት» ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ቲክላስ» የነገሩን ዓይነት ይነግራችኋል። «ቲክላስ» ፋይል ወይም ዳይሬክተሪ ካለ ችግሩ በአብዛኛው የሌብል ነው፤ ቀጥሉ። «ቲሲፒ ሶኬት» ካለ ግን ሌብል ብትቀይሩ ዋጋ የለውም። ለምሳሌ ሙድል የሚባለው የመማሪያ ሶፍትዌር አንድ ማሽን ላይ፣ ዳታቤዙ ሌላ ማሽን ላይ ሆኖ መገናኘት ካልቻሉ መፍትሔው «ኤችቲቲፒዲ_ካን_ኔትወርክ_ኮኔክት_ዲቢ» የሚባለውን ማብሪያ «ሴትሴቡል -ፒ» በሚለው ትዕዛዝ ማብራት ነው።

አንዳንዴ ሥራው ይከለከላል፤ ሎጉ ግን ባዶ ነው። ፖሊሲው ሎግ እንዳይሞላ ሲል ዝም ብሎ የሚያልፋቸው ክልከላዎች አሉ። «ሴሞጁል -ዲቢ» ብላችሁ ዝምታውን አንሡ፤ ሁለቱም ፊደላት ካፒታል ናቸው። ችግሩን ድገሙት፣ ሎጉን እዩ፣ ሲበቃ በ«ሴሞጁል -ቢ» መልሱት። አለመመለስ ዲስኩን በሎግ ይሞላል። ዝምታው ተነሥቶም ምንም ካልተገኘ ኤስኢሊኑክስን መውቀስ ትታችሁ ወደ ተለመደው ፈቃድና ወደ አፓቺ ኮንፊግ ተመለሱ።

ሌብል እንዴት ይበላሻል

ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለባችሁ የመቅዳትንና የማዛወርን ልዩነት ነው። ፋይል በ«ሲፒ» ስትቀዱ አዲሱ ቅጂ የሚገባበትን ፎልደር ሌብል ይወርሳል። በ«ኤምቪ» ስታዛውሩ ግን ፋይሉ የድሮ ሌብሉን ይዞ ይሄዳል። የሙድልን ወይም የዎርድፕሬስን ጥቅል በሩት ሆም ፎልደር ላይ አውርዳችሁ፣ ፈትታችሁ፣ ወደ ዌብ ፎልደሩ በ«ኤምቪ» ብትወስዱት «አድሚን_ሆም_ቲ» የሚል ሌብል ለብሶ ይደርሳል። በተራ ተጠቃሚ ስም ካወረዳችሁት «ዩዘር_ሆም_ቲ» ይሆናል። ዌብ ሰርቨሩ ሁለቱንም አያነብም፤ ደግሞም ልክ ነው፤ የሰው ሆም ፎልደር እንዲያነብ አንፈልግም። «ሲፒ -ኤ» ሌብሉንም አብሮ ስለሚያዛውር እንደ «ኤምቪ» ቁጠሩት። ማዛወር ግድ ከሆነ «ኤምቪ -ዜድ» በሉ፤ በካፒታል ዜድ። መድረሻው የሚጠይቀውን ሌብል ያለብሰዋል።

ሁለተኛው ምክንያት አዲስ ዲስክ ነው። አዲሱን ዲስክ «/ዳታ» በሚል ስም ሥሩ ላይ ስትሰቅሉት ፖሊሲው ይህን ስም አያውቀውም፤ ሌብል ሲታደስለት ታይፑ «ዲፎልት_ቲ» ይሆናል። «ዲፎልት_ቲ»ን እንዲያነብ የተፈቀደለት የአገልግሎት ፕሮሰስ የለም ማለት ይቻላል። በመግቢያው ላይ ያለው ታሪክ መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ዕድሜው በጁን 2024 እ.ኤ.አ. ካበቃው ሴንትኦኤስ 7 ወደ ሮኪ ወይም አልማ የሚሻገሩ ቢሮዎችም ዳታውን በሌላ ዲስክ ይዘው ስለሚመጡ እዚሁ ይወድቃሉ።

የፍላሽ ነገር ከታች ለብቻው ይታያል።

ዘላቂው ጥገና

አንድ ኮሌጅ የሙድልን ኮድ «/ቫር/ደብሊውደብሊውደብሊው/ኤችቲኤምኤል/ሙድል» ላይ፣ ተማሪዎች የሚጭኑትን ፋይል የሚይዘውን ፎልደር ደግሞ ሰፊው አዲስ ዲስክ ላይ፣ «/ዳታ/ሙድልዳታ» ብሎ አስቀምጧል እንበል። ኮዱ የሚገኝበት ቦታ በፖሊሲው የታወቀ ስለሆነ ደንብ መጻፍ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ማደስ ብቻ ነው፦

«ሪስቶርኮን -አርቪ /ቫር/ደብሊውደብሊውደብሊው/ኤችቲኤምኤል/ሙድል»

አሩ ካፒታል ነው፤ ወደ ውስጥ ያሉትን ሁሉ እንዲያዳርስ። ቪው የቀየረውን እንዲያሳያችሁ። መጀመሪያ ኤን ጨምራችሁ «-አርኤንቪ» ብትሉት ምንም ሳይነካ ሊቀይር የሚያስበውን ብቻ ይዘረዝራል፤ በሥራ ላይ ያለ ሰርቨር ከሆነ ሁልጊዜ በዚህ ጀምሩ።

ለሁለተኛው ፎልደር ግን ደንብ እንጽፋለን፦

«ሴማኔጅ ኤፍኮንቴክስት -ኤ -ቲ ኤችቲቲፒዲ_ሲስ_አርደብሊው_ኮንተንት_ቲ '/ዳታ/ሙድልዳታ(/.*)?'»

ይህ ትዕዛዝ ፋይሎቹን አይነካም፤ «በዚህ መንገድ ያለ ሁሉ ይህን ሌብል ይልበስ» የሚል ደንብ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ብዙ ሰው እዚህ ቆሞ «አልሠራም» ይላል። ደንቡን ሥራ ላይ የሚያውለው «ሪስቶርኮን -አርቪ /ዳታ/ሙድልዳታ» ነው፤ ሁለቱ ተከታትለው ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ ያለው (/.*)? «ፎልደሩ ራሱና በውስጡ ያለው ሁሉ» ማለት ነው። እሱን ከዘነጋችሁ ደንቡ የሚይዘው ፎልደሩን ብቻ ነው፤ ድረ ገጹ ይከፈታል፣ ተማሪው ፋይል ሲጭን ግን ይወድቃል፤ እንዲህ ያለው ግማሽ ስህተት ለማግኘት ያስቸግራል።

ለኮዱም የመጻፍ ሌብል ብንሰጠው ምን ነበረበት የሚል አለ፤ ድካም ይቀንሳል ብሎ። አታድርጉት። በሙድል ፕለጊን ቀዳዳ የገባ ሰው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር የራሱን ፒኤችፒ ፋይል ኮዱ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ኮዱ የማንበቢያ ሌብል ብቻ ካለው ዌብ ሰርቨሩ ራሱ እዚያ ላይ መጻፍ አይችልም፤ የሰርጎ ገቡ እጅም እዚያው ይታሰራል። ሌብል የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚመልሰው በዚህ ቀን ነው። ፕለጊን መጨመር ስትፈልጉ በተርሚናል ጨምሩ።

የዳታቤዝ ፎልደር ወደ አዲስ ዲስክ ሲዛወር አቋራጭ አለ። ፖስትግሬስም ሆነ ማይኤስኪውኤል በውስጣቸው የተለያየ ሌብል ያላቸው ፋይሎች ስላሉ አንድ ታይፕ ለሁሉም ማልበስ ልክ አይሆንም። ይልቅ «ሴማኔጅ ኤፍኮንቴክስት -ኤ -ኢ» ብላችሁ የድሮውን መንገድ አስቀድማችሁ፣ አዲሱን አስከትላችሁ ጻፉ። ትርጉሙ «አዲሱን ቦታ ልክ እንደ ድሮው ቁጠረው» ነው። ቀጥሎ ሪስቶርኮን። ይህን መንገድ ብዙ ባለሙያ አያውቀውም፤ እኔ ግን ዳታቤዝ ባዛወርኩ ቁጥር ሌላ አልመርጥም።

«ችኮን» የሚባለውስ? የመመሪያ ቪዲዮዎች ላይ የሚታየው እሱ ነው፤ ሌብሉን በቀጥታ ይቀይራል፣ ወዲያው ይሠራል። ደንብ ግን አይጽፍም። ከወራት በኋላ አንዱ ሪስቶርኮን ሲያካሂድ ወይም ማሽኑ ሲነሣ ሌብሎችን ሲያድስ የችኮን ሥራ ተጠርጎ ይሄዳል፤ ያኔ ምን እንደተደረገ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። ለአምስት ደቂቃ ሙከራ ይሁን። ሙከራው ከሠራ ሴማኔጅን ተጠቀሙ።

ስለ ነጠላ ትምህርተ ጥቅሱ አንድ ነገር። በኛ ዞን የቢሮ ፋይል ስም በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ ሁዳ የሚባለው ምልክት በብዙ ቃል መሀል ይገባል። ተርሚናሉ ያንን ምልክት እንደ ተከፈተ ጥቅስ ያየዋል። ትዕዛዙን ጽፋችሁ ስታስገቡ ምንም ሳያደርግ ከታች ምልክት አውጥቶ መዝጊያውን ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ተንጠለጠለ ብላችሁ አትዝጉት፤ ኮንትሮልና ሲ ብላችሁ ውጡ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ በስም አትጥሩ፤ የያዛቸውን ፎልደር ጥሩና ሪስቶርኮን በካፒታል አር ይግባበት። የፎልደሮችን ስም ደግሞ ከመጀመሪያው ያለ ሁዳና ያለ ክፍት ቦታ ሰይሙ፤ ውስጥ ያሉት ሰነዶች ስማቸው እንደፈለገ ይሁን። ኤፍኮንቴክስት መንገዱን የሚያነበው እንደ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ስለሆነ በስሙ ውስጥ ያለ ነጥብና ቅንፍም የተለየ ትርጉም ይይዛል።

ፍላሽና ውጫዊ ዲስክ

በፋት የተዘጋጀ ፍላሽ ሌብል መያዣ ቦታ የለውም፤ ኤንቲኤፍኤስ ዲስክም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ሲስተሙ በፍላሹ ላይ ላለው ሁሉ አንድ የወል ሌብል ይሰጠዋል፤ ሪስቶርኮን ብታካሂዱበትም አይለወጥም። ከፍላሽ ወደ ሰርቨሩ ስታመጡ በ«ሲፒ» ቅዱ፤ በ«ኤምቪ» አይሁን።

ጊንጪ ወይም ጉደር ያለ ትምህርት ቤት ግን ኢንተርኔት ስለሚቸግረው የትምህርት ቪዲዮና መጻሕፍት የሞላበትን ውጫዊ ዲስክ እንዳለ ሰክቶ በዌብ ሰርቨር ለተማሪ ሊያቀርብ ይችላል። ሁሉን መቅዳት ቦታ አይበቃም። እንዲህ ሲሆን ሌብሉ የሚሰጠው ዲስኩ ሲሰቀል ነው፤ «ማውንት -ኦ» ካላችሁ በኋላ «ኮንቴክስት=» ብላችሁ ሙሉውን ባለ አራት ክፍል ሌብል ጻፉ፦ «ሲስተም_ዩ:ኦብጀክት_አር:ኤችቲቲፒዲ_ሲስ_ኮንተንት_ቲ:ኤስ0»። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንዳይረሳ ይህንኑ «ኤፍስታብ» ላይ አስፍሩት፤ «ኖፌይል» የሚለውንም ጨምሩበት፤ አለዚያ አንድ ቀን ዲስኩ ተነቅሎ ከተረሳ ማሽኑ ሲነሣ ዲስኩን ፍለጋ ይቆማል።

ጠፍቶ የቆየ ማሽን

ኤስኢሊኑክስ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ የተፈጠሩ ፋይሎች ሌብል የላቸውም። በቀጥታ ኢንፎርሲንግ ብታደርጉት አገልግሎቶች ሊወድቁ፣ አንዳንዴም ማሽኑ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ በኮንፊጉ ላይ መጀመሪያ ፐርሚሲቭ አድርጉ። ከዚያ «ፊክስፋይልስ -ኤፍ ኦንቡት» ብላችሁ አዙና፣ ኤፉ ካፒታል ነው፣ ማሽኑን ዘግታችሁ አንሡ። ሲነሣ ዲስኩ ላይ ላለው ፋይል ሁሉ ሌብል ይለጥፋል፤ ሲጨርስ ራሱን በራሱ እንደገና ያስነሣል።

ሚሊዮን ፋይል ባለበት ዲስክ ይህ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ስክሪኑም የቆመ ይመስላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ዩፒኤስ ብቻ ይዛችሁ አትጀምሩት፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው አረጋግጡ። መሀል ላይ ቢቋረጥ ግን አትደንግጡ። ሥራው እንዲሠራ የሚያዘው ምልክት የሚሰረዘው ሥራው ሲያልቅ ስለሆነ በሚቀጥለው አነሣስ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ በፐርሚሲቭ ቢያንስ አንድ የሥራ ጫና ያለበትን ቀን ይለፍ፤ ለምሳሌ የምዝገባ ቀን ወይም የወር መጨረሻ ሪፖርት። የሚመዘገቡትን ክልከላዎች ከላይ ባለው መንገድ አንድ በአንድ አስተካክሉ። ሎጉ ሲጸዳ ኢንፎርሲንግ አድርጉ። ከሬድ ሃት 9 ጀምሮ በኮንፊጉ ላይ «ዲሴብልድ» መጻፍ ብቻውን ጥበቃውን ሙሉ በሙሉ ከከርነሉ አያወጣም። በእኔ አስተያየት ሬድ ሃቶች ይህን ያደረጉት ዘግይተው ነው።

ጊዜ ከሌላችሁስ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና የሚወስዱት በኮምፒውተር ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ወይም በግቢው የራሱ ፈተና መሀል ሰርቨሩ ቢያስቸግር ሎግ ለማንበብ ትዕግሥት ያለው አለቃ አይገኝም። ያኔም ሴትኢንፎርስ 0 አያስፈልግም። «ሴማኔጅ ፐርሚሲቭ -ኤ ኤችቲቲፒዲ_ቲ» ብትሉ ዌብ ሰርቨሩ ብቻ ይለቀቃል፤ የቀረው ማሽን እንደተጠበቀ ይቆያል። ፈተናው ሲያልቅ ምክንያቱን ፈልጋችሁ አስተካክሉና ኤዋን በዲ ቀይራችሁ መልሱት። ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ ፎልደር አታዛውሩ።

«ኦዲት-ቱ-አላው» የሚባለውን መሣሪያ በመጨረሻ ያስቀመጥኩት አውቄ ነው። የተከለከለውን ሁሉ ወደ ፈቃድ ይለውጥላችኋል። ሌብሉ የተሳሳተ ፋይል ላይ ብትጠቀሙበት ግን ዌብ ሰርቨሩ «ዲፎልት_ቲ»ን ወይም የሰዎችን ሆም ፎልደር በሙሉ እንዲያነብ ትፈቅዳላችሁ፤ የፈለጋችሁት ግን አንድ ፎልደር ነበር። ሌብሉ ልክ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ፣ ያወጣውን ጽሑፍ አንብባችሁ ተጠቀሙ።

ሳይቸግር የሚዘጋጅ

በትንሹ የተጫነ ሰርቨር ላይ ሴማኔጅ የለም፤ «ፖሊሲኮርዩቲልስ-ፓይተን-ዩቲልስ» በሚባል ጥቅል ይመጣል። ኢንተርኔት ካለ ማውረዱ ቀላል ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ እንዳየነው ግን ጥቅል ማውረድ የማይቻልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጥቅሉን ዛሬ ጫኑ፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሙሉ የዲቪዲ ምስልም ቢሮ ውስጥ በዲስክ አስቀምጡ፤ ጥቅሎችን ከእሱ መጫን ይቻላል። ማብራሪያው በማሽኑ ላይ አለ፤ «ማን ሴማኔጅ-ኤፍኮንቴክስት» ብትሉ ምሳሌውን ጭምር ያሳያችኋል።

ባክአፕን በተመለከተ፣ «አርሲንክ» በካፒታል ኤክስ፣ «ታር» ደግሞ በ«--ኤስኢሊኑክስ» ሌብሉን አብረው ይይዛሉ። እኔ ግን በዚህ አልደገፍም። ባክአፑ የሚቀመጥበት ዲስክ ሌብል የማይይዝ ሊሆን ይችላል፤ የሚመለስበት ማሽንም ሌላ። ከሁሉ የሚሻለው ደንቦቹን ለብቻ መያዝ ነው። «ሴማኔጅ ኤክስፖርት -ኤፍ» ብላችሁ የፋይል ስም ስትሰጡት እናንተ የጨመራችሁትን ደንብ፣ ማብሪያና ፖርት ሁሉ በአንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያወጣዋል። አዲስ ማሽን ላይ «ሴማኔጅ ኢምፖርት -ኤፍ» ትሉታላችሁ፤ ከዚያ ዳታውን መልሳችሁ ሪስቶርኮን ታካሂዳላችሁ። ሌብሉ ከደንቡ ይመነጫል፤ ከባክአፑ መምጣት የለበትም።

ያ ፋይል ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ አያልፍም። አትማችሁ የርክክብ ሰነዱ ላይ አያይዙት። ባለሙያ ሥራ ሲለቅ የሚፈረምበት ዝርዝር የኮምፒውተሩን ሞዴል፣ የሞኒተሩን ቁጥርና የሩት ፓስወርዱን ይይዛል፤ የሌብል ደንቡን የያዘ ርክክብ ግን አይቼ አላውቅም። ተረካቢ ከሆናችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ አስረካቢ ከሆናችሁ ሳትጠየቁ ስጡ።